ከስሙ በፊት ያለች ነጥብ

ኪቶ ፉርዲሳ ላይ ዝናቡ ሲያካፋ፣
መብራት ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ሲጠፋ፣
ከሰርቨሩ ክፍል ከነጃኬቴ ቁጭ ብዬ
አንድ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ተስፋዬን እሱ ላይ ጥዬ።

አሥራ አንድ መስመር ነው። ስም ያወጣል፣ ዋጋ ይሰጣል፣
መዝገቡ የት እንዳለ፣ መንገዱ በየት እንደሆን ይናገራል።
እያንዳንዱን መስመር በ«ኤክስፖርት» ጀምሬ፣
«ለሁሉ ይዳረስ» አልኩ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ደፍሬ።

አስነሣሁት፤ ሮጠ። አንድም ስሕተት አላሳየም።
«ተሰናድቷል» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ የለም።
«መዝገቡ ወዴት ነው?» ብዬ ሼሉን ጠየቅሁት።
ባዶ መስመር መለሰ።
ደግሜ መታሁት።
ባዶ።

ሌሊቱ በዚሁ አለቀ፤ አንዱ «ተሰናድቷል» ሲለኝ፣
ሌላው «አልሰማሁም» ሲል፣ ሻዬ ሲቀዘቅዝብኝ።

ጠዋት ሂክማ መጣች፤ ጃንጥላዋን እያራገፈች
ከኋላዬ ቆማ አነበበች፣ ሳትቀመጥ ሳቀች።
«ልጅ ነው እኮ የላክኸው» አለች፤ «ይወልዳል ሼሉ፤
ያለውን ቀድቶ ይሰጠዋል፣ ስሙን፣ መንገዱን፣ ሁሉን በሙሉ።
ልጁ ግን የራሱ ቤት አለው፤ እዚያ ቢሰቅል፣ ቢያወርድ፣
ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ቤቱም አብሮት ነው የሚናድ።
ከአባት ወደ ልጅ ይፈሳል፤ ሽቅብ የሚሄድ ወንዝ የለም፤
አዌቱ ከቦዬ ተመልሶ ጅሬን አይወጣም።»

«ታዲያስ?» አልኳት።
ጎንበስ ብላ ከስክሪፕቱ ስም በፊት
አንዲት ነጥብ አኖረች፤ ቀጥሎም አንዲት ክፍተት።
«አሁን ልጅ አትልክም» አለች፤ «ሼሉ ራሱ ያነባል፣
በገዛ አፉ፣ በገዛ ቤቱ፤ ያነበበውም ይቀርለታል።»

መዝገቡ ወዴት ነው? አልኩት።
ነገረኝ።

ጉድ ነው። በእኛ ጽሕፈት ነጥብ ሁለት ሲሆን ይለያል፣
አራት ሲሆን ይዘጋል፣ ተናጋሪውን ያሳርፋል።
አንዲቷን የማውቃት ከቁርኣን ቤት ነው፣ ከ«ባ» ሥር ተቀምጣ፤
ከስም ቀድማ በር ስትከፍት፣ ይኸው ዛሬ ገና አየኋት መጥታ።

ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ፣ ወደ አባቴ የእንጨት ቤት፣
ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከዋንዛ ወደሚጠርብበት።
ሦስት ዓመት ወተወትኩት፤ «ደብተር ግዛ፣ ዱቤ መዝግብ፣
በስንዝር አትለካ፣ አባ፣ ሜትር ያዝ፣ ትርፍህን አስብ።»
«እሺ» ይለኛል። ሁልጊዜ እሺ። እሱም ስሕተት አያሳይም።
ባጃጄ አጂፕን ሳያልፍ ግን ያልኩት ሁሉ የለም።

ለካ በራሴ ክፍል ውስጥ ነው ስናገር የኖርኩት፣
እሱ ባልገባበት ቤት ስሰቅልና ሳወርድ የዋልኩት።

ዝም አልኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣
መላጊያውን ተቀብዬው ከፍቅፋቂው መሐል ተቀመጥኩ።
«ቁመቱ ስንት ነው?» አልኩት። «ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት።»
ስንዝሬን ከስንዝሩ ጎን ዘረጋሁ፤ አጠረች በአንድ ጣት።
ሳቀ። መሳቢያውን ሳበና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተነካ
የገዛሁለትን ሜትር አወጣ፣ ፕላስቲኩን ቀደደ፣ ለካ።

ሂክማ ልክ ናት። አሁንም ስፈርም «ረሻድ አባመጫ» ነኝ፤
ከእሱ ወደ እኔ የፈሰሰ ነው፣ ከስሜ ቀጥሎ ያለኝ።
ማታ ቆልፈን ስንወጣ ግን፣ ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፣
መኪናውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ጣቃውን ሲያስገባ ቤት፣
«የረሻድ አባት!» ብሎ ተጣራ።
አባቴ ዞሮ፣
«አቤት።»